ልክነሽ ያልሠራችው ጎሜ

ልክነሽ አማቷን ውሃ ከልክላ የገደለች ሴት ናት። ጫኖ መንደር ውስጥ የሚባለው እንዲህ ነው። መንገድ ዳር ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ያውቁታል፤ ቦኖ ላይ ተሰልፈው ውሃ የሚቀዱት ያውቁታል፤ ከአርባ ምንጭ ሶዶ የሚመላለሱት የመኪና ረዳቶች እንኳ ሰምተውታል። ነገሩ እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም። እውነት አልነበረም።

ልክነሽ የደጋ ልጅ ናት። ከጨንቻ አለፍ ብላ ካለች ብርዳም መንደር ተድራ ወደ ቆላ ወረደች። ባሏ ካሱ የዚያው መንደር ዘር ቢሆንም፣ አባቱ በጊዜው ወደ ጫኖ ወርደው የመስኖ መሬት ይዘው ስለነበር ያደገው ሙዝ መሃል ነው። እሱ ሙዙን ያጠጣል፣ እሷ ትሸጣለች። መሸጥ ማለት ደግሞ መሮጥ ነው። መኪና ሲቆም ሙዝና ማንጎ የሞላ ሳፋ ተሸክሞ ከመስኮት መስኮት መሮጥ። ቀድሞ የደረሰ ይሸጣል፤ የዘገየ አቧራ ጠጥቶ ይመለሳል። ልክነሽ የምትዘገይ ሴት አልነበረችም። ጓደኞቿ፣ “ይቺን ደጋ ላይ ፈረስ ነው ያጠባት” እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷም ሳፋዋን ሳታወርድ፣ “እናንተን ደግሞ ኤሊ” ብላ ታልፋቸዋለች።

ከአማቷ ጋር ይዋደዱ ነበር። ሴትዮዋ አፋቸው ስለታም ነው፣ እጃቸው ግን ሩኅሩኅ። ልክነሽ ልጇን ቲጂን በምታጠባበት ጊዜ የግራ ዓይኗ ሳይታሰብ ደብዝዞባት ነበር። ጭስ የገባበት መስታወት ይመስል ነበር የምታየው። አማቷ በቀዝቃዛ ውሃ የነከሩትን ጨርቅ ዓይኗ ላይ እያደረጉ፣ ሕፃኗን እያቀፉላት፣ ብዙ ቀን አስታመሟት። ዓይኑ ቀስ በቀስ መለሰላት፤ ነገሩም ተረሳ።

በኋላ ተራው የአማቷ ሆነ። አንድ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ጉሮሯቸውም አብሮ ሰነፈ። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ አይታቸው፣ ልክነሽንና ካሱን ጎን ለጎን አቁማ አስጠነቀቀች።

“በኩባያ እንዳትሰጧቸው። ትን ብሏቸው ሳንባቸው ይገባል። በማንኪያ፣ ጠብ እያደረጋችሁ፣ አንገታቸውን ቀና አድርጋችሁ።”

እንደተባለው አደረጉ። ካሱ የእናቱን ራስ ይደግፋል፣ ልክነሽ በማንኪያ ታጠጣለች። አንዲት ኩባያ ውሃ ለማጠጣት ከሰዓት በኋላው ያልቃል። አሮጊቷ ግን የቆላ ሰው ናቸው፣ ጥማቱ ይጠናባቸዋል። ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው ኩባያውን ይለምናሉ። ልክነሽ ኩባያውን ታሸሻለች፣ ማንኪያውን ታቀርባለች።

አንድ ቀን ካሱ ማሳ በሄደበት፣ ላንቴ መንደር የተዳረችው ታላቅ እህቱ ወለቴ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ በር ላይ ቆመች። ያየችው እናቷ ኩባያ ሲለምኑ፣ ልክነሽም ኩባያውን ስታሸሽ ነው። ማንኪያውን አላየችም፤ ወይም አይታ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሴትዮዋ በዚያው ሳምንት አረፉ። ለቅሶው ላይ ወለቴ ደረቷን እየመታች፣ “እናቴ ጠምቷት ሄደች” አለች። ለቀስተኛው የሐዘን ንግግር ነው ብሎ አለፈው። ቃሉ ግን ቦታ ይዞ ተቀመጠ፤ የሚበቅልበትን ጊዜ ይጠብቅ ነበር።

በዓመቱ የልክነሽ እግር ከዳት።

መጀመሪያ ጣቶቿ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰላት። ከዚያ ድንዛዜው ወደ ጉልበቷ ወጣ። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደህና መሆኗ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ እንደ ድሮዋ ትሮጣለች። ቀትር ሲሆን፣ አስፋልቱ ሲግል፣ እግሯ የሌላ ሰው እግር ይሆናል፤ ያ የግራ ዓይኗም ይጨልማል። አንድ ቀን ለአንድ አውቶቡስ ስትሮጥ ከነሳፋዋ ተዘረጋች። ማንጎው ጎማ ሥር ተንከባለለ። ከመስኮቱ አንዱ ተሳፋሪ፣ “እናት፣ አረቄው የጠዋት ነው የማታ?” አላት። መኪናው ሙሉ ሳቀ። አብረዋት የሚሸጡት ሴቶችም ሳቁ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችላቸውም።

ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ወባ ነው ተባለች። የወባ መድኃኒት ጨረሰች፤ ታይፎይድ ነው ተባለች። እሱንም ጨረሰች። ሦስተኛ ስትመለስ ጠዋት ስለነበር ቀጥ ብላ እየተራመደች ገባች። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አይቷት፣ “አንቺ ደግሞ ሥራ ጠልተሽ ነው” አላት። ሥራ ጠልተሽ። ከራሷ ሳፋ ወርዶ የማያውቅ ሴት።

ሐኪም ያላወቀውን ወለቴ አወቀች። “ጎሜ ነው” አለች።

ጎሜ በጋሞ አገር ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ሰው የማይደረገውን ሲያደርግ፣ ሽማግሌ ሲያዋርድ፣ የተጠማ ሲከለክል፣ ያ ጥፋት በበሽታ ወይም በከብት ሞት ሆኖ ይመለስበታል። መድኃኒቱ ጥፋቱን በአደባባይ ተናዝዞ በግ አርዶ የአባቶችን ምርቃት መቀበል ነው። አደባባዩ ዱቡሻ ይባላል፤ መንደሩ ተሰብስቦ የሚነጋገርበት ሣር ሜዳ። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም ሰው፣ ሌላው መንገድ ሲጠፋበት፣ ዱቡሻ ይወጣል። ክፉ ልማድ አይደለም። ስንት የተጣላ አስታርቋል። ሰው ግን መልካሙንም ነገር ዱላ ያደርገዋል።

ልክነሽን የባሏ ዘመዶች ወደ አባቶቻቸው መንደር ደጋ አወጧት። ዱቡሻው መሃል አቆሟት። ሽማግሌዎቹ በሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። የሚናገር ይቆማል፤ ሥርዓቱ ነው። የሁሉም ታላቅ ጋሽ ይፍሩ፣ “ልጄ፣ የያዘሽን አውጪው” አሏት።

“የያዘኝ በሽታ ነው፣ አባባ።”

“በሽታማ አየን። ያመጣውን ነው የምንጠይቅሽ።”

ወለቴ ተነሥታ ስለ ኩባያው ተናገረች። ልክነሽ ስለ ነርሷ፣ ስለ ማንኪያው አስረዳች። ወለቴ፣ “ማንኪያ ላይ የሚያድር ውሃ ምን ጥም ይቆርጣል?” ስትል ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክነሽ ዞር ብላ ካሱን አየችው። የእናቱን ራስ ይዞ የነበረው እሱ ነው። ነርሷን የሰማው እሱ ነው። ካሱ ሣሩን ያይ ነበር።

ደጋግመው ጠየቋት። ቀኑ ገፋ። እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እሷ ደግሞ ሳትናዘዝ አትቀመጥም። በመጨረሻ፣ “አዎ፣ ከልክያለሁ” አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ለመቀመጥ ስትል ነው ያለችው። የሰው ስም በዚህ ዋጋ ይሄዳል።

በጉ ታረደ፤ ተመረቀች። ከዚያም የማይታመን ነገር ሆነ፤ ዳነች። ወንድሟ እንድሪያስ ቤት፣ እዚያው ደጋ ላይ፣ ጋቢ ደርባ ከረመች። ድንዛዜው ለቀቃት፣ ዓይኗ ጠራ፣ ዳገቱን ያለ ምርኩዝ ወጣች። መንደሩ አምላኩን አመሰገነ። ወለቴ ለመጣ ለሄደው፣ “አላልኳችሁም?” አለች። ከሁሉ የከፋው ግን ልክነሽ ራሷ መጠራጠሯ ነው። በገዛ እጇ ያጠጣችውን ውሃ፣ ‘ምናልባት አላጠጣሁ ይሆን? ምናልባት ማንኪያው ባዶ ነበር ይሆን?’ እያለች ታሰላስል ጀመር። ሰው ስሙን ሲወስዱበት ያመዋል። ትዝታውን ሲወስዱበት ግን ምን እንደሚባል እንጃ።

ወደ ጫኖ ወረደች። የካቲት ገባ፤ ሙቀቱ መጣ። እግሯ መልሶ ከዳት። አሁን ደግሞ፣ “ሌላ የደበቀችው አለ” ተባለ። ሴቶቹ ሳፋቸውን ከሳፋዋ አራቁ። ካሱም አንድ ቀን፣ “ካለ አውጪውና እንገላገል” አላት። ልክነሽ ያን ቀን ወንድሟን አስጠርታ ልጇን ይዛ አብራው ወጣች።

እንድሪያስ ሸማ ሠሪ ነው፤ ነገር አያበዛም። አርባ ምንጭ ወስዶ ለሐኪም አሳያት፤ ሐኪሙ ሐዋሳ ላካቸው፤ የአንጎል ፎቶ የሚነሣው እዚያ ነው። ኤም አር አይ ይሉታል። ዋሻ የመሰለ ጠባብ ማሽን ውስጥ በጀርባዋ አስተኝተው ከተቷት። አትንቀሳቀሺ አሏት። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ይነርታል። መሃል ላይ አውጥተው ክንዷ ላይ መርፌ ወጉና መለሷት። ‘እዚህም አውጪው የሚለኝ ሰው ይኖር ይሆን?’ ብላ አሰበች። የለም። ማሽኑ ምንም አይጠይቅም፤ ራሱ ነው የሚያየው።

ፎቶውን ያስረዳቻት ዶክተር ሚሪያም የምትባል ወጣት ሴት ናት። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅላ ወንበር ሳበችላት።

“ተቀመጪ፣ እህቴ።”

እንዲህ ያለ ቃል ከሰማች ቆይታለች።

“አንጎልሽ ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ ክሮች አሉ። እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አላቸው። ልባሱ ነጭ ስለሆነ ክሮቹ የሚያልፉበትን ቦታ ነጩ ክፍል እንለዋለን። ያንቺ ሰውነት የገዛ ዘበኛው ተሳስቶበታል፤ ልባሱን ጠላት ነው ብሎ ያጠቃዋል። የተጠቃው ቦታ ይቆጣል፣ ይላጣል። ይኸውልሽ፣ እነዚህ ነጠብጣቦች። በዚህ ፎቶ ላይ ጤነኛው ጠቆር ይላል፣ የተጎዳው ነጭ ሆኖ ይበራል።”

ልክነሽ አየች። ጨለማ ላይ የተበተነ ዱቄት ይመስላል።

“ሲሞቅ ለምን ይብስብኛል?”

“ልባሱ የተላጠ ክር ሙቀት አይችልም፤ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ደግሞ በሽታው ራሱ ይመጣል፣ ይሄዳል።”

“ደጋ ስወጣ ዳንኩ። ጎሜ ለቀቃት አሉ።”

ዶክተሯ የዚያ አገር ሰው ስላልሆነች እንድሪያስ ጎሜ ምን እንደሆነ ነገራት። አልሳቀችም። “እሱን አላውቅም” አለች፤ “እኔ የማውቀው ብርዱን ነው።” ከዚያ ጣቷን ከመርፌው በኋላ ወደተነሣው ፎቶ አዘዋወረች። “መርፌ የተወጋሽው አዲሱን ከአሮጌው ለመለየት ነው። አዲሱ መድኃኒቱን ስቦ ይበራል። ይህ አዲስ ነው። እነዚህ ግን አልበሩም፤ የቆዩ ናቸው።”

“የመቼ ናቸው?”

“ፎቶ ቀን አይናገርም። በአንድ ጊዜ እንዳልመጡ ግን ይናገራል። ከዚህ በፊት አንድ ዓይንሽ ደብዝዞ ያውቃል? ዓመታትም ቢሆነው?”

ልክነሽ እጇን ወደ ግራ ዓይኗ ወሰደች። ቀዝቃዛው ጨርቅ ያረፈበት መሰላት። ያስታመሟት አማቷ ናቸው። በሽታው የጀመራት እሳቸው በሕይወት እያሉ፣ በእግራቸው እየሄዱ፣ ልጇን እያቀፉላት ነው። ጎሜው ከጥፋቱ ቀድሞ መጣ ማለት ነው? ያልተከለከለ ውሃ፣ ገና ያልታመመች ሴት፣ ገና ያልተያዘ ማንኪያ። ይህን አንድ ሰው ቆም ብሎ ቢያስብ በቂ ነበር። አንድ ሰው።

በክንዷ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሰጥተው፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ጨምረው ሸኟት። አይጠፋም፣ ይታገሳል አሏት። መኪና ውስጥ እንድሪያስ እያለቀሰች መስሎት ዘወር ብሎ አያት። አላለቀሰችም።

“ዱቡሻ አስጠራልኝ” አለችው።

“ተይው፣ እህቴ። ተሻለሽ፣ መድኃኒቱም ተገኘ። ምን ያደርግልሻል?”

“ቲጂ አያቷን የገደለች እናት ልጅ ሆና ታድግ?”

ደጋ እንደደረሱ እንድሪያስ ወደ ጋሽ ይፍሩ ቤት ሄደ።

ዱቡሻው እንደገና ተሰበሰበ። ካሱና ወለቴም ከቆላ ወጡ። ልክነሽ ፊልሙን ይዛ መሃል ቆመች፤ ቀኑ ብርዳም ስለሆነ እግሯ ጸንቶላታል። ጋሽ ይፍሩ ነገሩን አስቀድመው ከእንድሪያስ አፍ ስለሰሙ ሳትናገር አስቆሟት።

“ልጄ፣ ሕክምናሽን እሰየው ብለናል። ዱቡሻ ላይ የተነገረ ግን አይመለስም። በግ ታርዶበታል፣ ተመርቆበታል።”

“ለመመለስ አልመጣሁም፣ አባባ። ጎሜዬን ልናዘዝ ነው የመጣሁት።”

ሰዉ ተንቀሳቀሰ። ወለቴ ጎረቤቷን በክርኗ ነካች፤ የደበቀችው ሊወጣ ነው።

“ተናዘዢ” አሏት ሽማግሌው።

“ዱቡሻ ላይ ዋሽቻለሁ። ‘ውሃ ከልክያለሁ’ ብዬ እዚህ ቦታ ቆሜ ተናግሬያለሁ። አልከለከልኩም። እግሬ አልችል ስላለኝ ለመቀመጥ ብዬ ዋሸሁ። ዱቡሻ ላይ መዋሸት ጎሜ ነው ወይስ አይደለም?”

ጋሽ ይፍሩ ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ጎሜ ነው። ከከባዶቹም አንዱ ነው። አይደለም ቢሉ ዱቡሻውን ማፍረስ ነው፤ ነው ቢሉ ደግሞ ኑዛዜዋን መቀበል ግድ ነው።

አንዱ ሽማግሌ ጊዜ ለመግዛት ይመስላል ፊልሙን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሡት። “ይህ የማን ጭንቅላት ነው?”

“የኔ።”

“ጎሜ ይታይበታል?”

“ይፈልጉት፣ አባባ። ካገኙት ይንገሩኝ።”

ከወጣቶቹ መሃል ሳቅ አፈተለከ። ወለቴ ተነሣች። “ነጭ ነጭ የሚለውስ? ለምጽ አይደለም እንዴ? ጭንቅላቷ ውስጥ ለምጽ ወጥቶባት ደግሞ ሰው መሃል ትቆማለች?”

“ቁስል ነው” አለች ልክነሽ። “የጀመረኝ ደግሞ ዓይኔ በደበዘዘ ጊዜ ነው። ያስታመሙኝ እናትሽ ናቸው። ገና በደህና እግራቸው ሲሄዱ። ያኔ ማንን ውሃ ከልክዬ ነው የታመምኩት?”

“ኩባያውን ስታሸሺባት በዓይኔ አይቻለሁ።”

“አይተሻል። ለምን ብለሽ ግን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?”

ወለቴ ተቀመጠች። ጋሽ ይፍሩ፣ “ምስክር አለሽ?” አሉ።

ልክነሽ ወደ ካሱ አልዞረችም፤ አንዴ ዞራበት ነበርና ይበቃታል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ግን ወደ እሱ ዞሩ። ካሱ እየከበደው ተነሣ።

“እናትህ ሲታመሙ አጠገባቸው ነበርክ?” አሉት።

“ነበርኩ። ወለቴ ከመጣችበት ቀን በቀር የእናቴን ራስ የያዝኩት እኔ ነኝ።”

“ውሃ ሰጥታለች?”

“ሰጥታለች። በማንኪያ። ነርሷ በኩባያ ከለከለችን።”

“ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?”

“መጀመሪያ ፈራሁ። ከታላቅ እህቴ ጋር በአደባባይ መጋጨት ፈራሁ።” ኮፍያውን አውልቆ ያሻሸው ጀመር። “ኋላ ደግሞ ዳነች። ብናገር በሽታው የሚመለስባት መሰለኝ። ሲመለስባትም… ግራ ገባኝ።”

ልክነሽ ይህን ስትሰማ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። እሱ ዝም ካለበት ቀን የበለጠ ተቃጠለች። ሁለት ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ውሃ ሰጥታለች። ይህቺን ከእሱ ለመስማት ሐዋሳ ድረስ ሄዳ አንጎሏን ፎቶ መነሣት ነበረባት?

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ጋሽ ይፍሩ ቆሙ። “የዋሸችው ዋሽታለች፤ ተናዝዛለች፤ ተቀብለናል። አውቆ ዝም ያለው ግን ጎሜው ይበልጣል። በጉ ከካሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ልክነሽን ውሃ ከልካይ ብሎ የጠራ በዚህ ዱቡሻ ይጠየቃል። ቆላም ቢሆን።” እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ሰዉ አሜን አለ። እሷን በእግሯ ስላቆሟት ቀን ማንም ምንም አላለም። ወለቴም ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን አራግፋ ሄደች። ስም ግን ተመልሷል። ከዚህ የበለጠ ልክነሽም አልጠበቀችም።

ካሱ መኪና መጠበቂያው ድረስ ከኋላዋ ተከተላት።

“ልክዬ፣ እንውረድ። ቀትር ላይ አትሸጪም፤ ጥላ እሠራልሻለሁ።”

“ሥራው።”

“ስለ ዳንሽ ነው ዝም ያልኩት። እግዜር ያውቃል።”

“የዳንኩት ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ነው፣ ካሱ። አንተ ደህና ነበርክ። የምትሰጠው ሁለት ቃል ነበር።”

መኪናው መጣ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ “ላንቴ፣ ጫኖ፣ አርባ ምንጭ” እያለ ተጣራ። ካሱ ገብቶ መስኮት አጠገብ ቦታ ያዘ፤ ጎኑ ባለው ወንበር ላይ ኮፍያውን አስቀመጠ። ረዳቱ ወደ ልክነሽ ጎንበስ አለ።

“እናት፣ አትገቢም?”

“ዛሬ አልወርድም” አለች፤ የቲጂን እጅ ይዛ ዳገቱን ወደ ወንድሟ ቤት ጀመረችው።